ባክቴሪያ፣ ቫይረስ፣ ፕሮቶዞዋ ወይስ ፈንገስ? ፋርማሲ ከመግባታችሁ በፊት የሚነበብ ንጽጽር

ፒያሳ ወይም ቸርችል ጎዳና ላይ አንድ ፋርማሲ ግቡና ጥግ ይዛችሁ ቁሙ። «ሲፕሮ ስጠኝ»፣ «አሞክሲሲሊን አሥር ፍሬ»፣ «ለአሜባ የሚሆን ነገር አለ?» ሲባል ትሰማላችሁ። ማዘዣ የያዘ አለ፤ ያልያዘም አይጠፋም። ብዙው ሰው መድኃኒቱን የመረጠው በሚሰማው ስሜት ነው። ራሴን አሞኛል፣ ሆዴን ቆርጦኛል፣ ጉሮሮዬ ቆስሏል ይላል። መድኃኒቱ ግን ራስ ምታትና ቁርጠት አያውቅም። የሚያውቀው የተሠራበትን ተሕዋስ ብቻ ነው።

ስለዚህ የሚቀድመው ጥያቄ «ምን ልውሰድ?» ሳይሆን «የያዘኝ ማን ነው?» የሚለው ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ማንንም ሐኪም አያደርግም። የቱን ምርመራ መጠየቅ እንደሚያዋጣ፣ የቱን መድኃኒት መግዛት ገንዘብ መጣል እንደሆነ፣ መቼ ቤት መተኛት፣ መቼ ደግሞ መሮጥ እንደሚያስፈልግ ለመለየት ግን ይረዳል።

አራቱ ቤተሰቦች

ባክቴሪያ ራሱን ችሎ የሚኖር አንድ ሕዋስ ነው። አብዛኛው አይጎዳንም፤ አንጀታችን ውስጥ ከእኛ ጋር ተስማምቶ የሚኖረው ብዙ ነው። ከጎጂዎቹ ታይፎይድ፣ ቲቢ፣ ኮሌራ፣ ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ አባሰንጋና መንጋጋ ቆልፍ ይመጣሉ። ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች የራሳቸው ግድግዳ አላቸው። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ (አሞክሲሲሊንም ከነሱ ነው) የሚሠሩት ይህ ግድግዳ እንዳይገነባ በማድረግ ነው። እኛ ሕዋሳችን ላይ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለን መድኃኒቱ እኛን ትቶ እሱን ይመታል።

ቫይረስ ሕዋስ እንኳን አይደለም። በፕሮቲን የተጠቀለለ የዘር መልእክት ነው። ራሱን ማባዛት የሚችለው የእኛ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የእኛን ማሽን ሲጠቀም ብቻ ነው። ግድግዳ የለውም። ስለዚህ ለጉንፋን አሞክሲሲሊን መዋጥ ቤንዚን ለሚጠጣ መኪና ናፍጣ እንደመቅዳት ነው። ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍ፣ ፖሊዮ፣ ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ፣ አልማዝ ባለጭራና የእብድ ውሻ በሽታ ሁሉ የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ለኤችአይቪና ለጥቂት ሌሎች ጥሩ መድኃኒት አለ። ለአብዛኞቹ ግን ክትባት ነው ትልቁ መሣሪያ። ፈንጣጣን አስቡት። ኢትዮጵያ የመጨረሻውን በሽተኛ ያየችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ በ1980 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ይህን ያደረገው ኪኒን ሳይሆን ክትባት ነው።

ስለ ቫይረስ ካነሣን የአዲስ አበባ ሰው ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩን በጭስ የሚያፍነው ለምን እንደሆነ እናስታውስ። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከተማዋን የመታው «የኅዳር በሽታ» ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠሉ ከዚያ ጊዜ የቀረ ልማድ ነው ይባላል። በወቅቱ በሽታውን ምን እንዳመጣው ማንም አያውቅም ነበር፤ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ሰፈር ማጽዳቱ ይቀጥል፣ ጥሩ ነው። ጭሱ ግን ቫይረሱን አይነካውም፤ የአስም በሽተኛን ነው የሚነካው።

ሦስተኛው ፕሮቶዞዋ ነው። አንድ ሕዋስ ቢሆንም አሠራሩ ከባክቴሪያ ይልቅ ለእኛ ሕዋስ ይቀርባል። ወባ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ቁንጭርና ካላዛር ከዚህ ይመጣሉ። ብዙው የባክቴሪያ መድኃኒት አይሠራበትም። ሜትሮኒዳዞል ግን ሁለቱንም ወገን ይመታል። አሜባንና ጃርዲያን ይገድላል፣ አየር በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎችንም ይገድላል። ሰው «ፍላጀል (የሜትሮኒዳዞል የንግድ ስም ነው) ወስጄ ተሻለኝ፣ ስለዚህ አሜባ ነበር» ሲል የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ ብዙ ተቅማጥ በራሱ ጊዜ ይቆማል።

ፈንገስ የመጨረሻው ነው። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ቆዳ፣ ፀጉርና ጥፍር ይወዳል። ጭርትና ቋቁቻ የእሱ ናቸው። የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ላይ ግን ሳንባና አንጎል ድረስ ይዘልቃል።

ኮሶና ወስፋት እዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ትሎች ናቸው፤ በዓይን ይታያሉ። እከክም የቆዳ ተባይ እንጂ ረቂቅ ተሕዋስ አይደለም። ሦስቱም የራሳቸው መድኃኒት አላቸው።

ምርመራ ስትመርጡ የሚጠቅማችሁ አንድ ነገር መጠን ነው። ብዙ ባክቴሪያ የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ወይም ጥቂት ሺኛ ያህል ነው። የወባና የአሜባ ተሕዋስያንም በተራ ማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ቫይረስ ግን አይታይም። «ደሜ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ቫይረስ ነው ተባልኩ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ የነገሩት ሰዎች ግምታቸውን እንጂ ያዩትን አልነገሩትም።

ትኩሳት ሲይዛችሁ፦ ታይፎይድ፣ ታይፈስ፣ ወባ ወይስ ሌላ?

አዲስ አበባ ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው ላቦራቶሪ መስኮት ላይ ደርሶ የሚናገራት ዓረፍተ ነገር ትታወቃለች። «ታይፎይድና ታይፈስ እዩልኝ።» ስማቸው ስለተመሳሰለ መንትያ ይመስላሉ። አይደሉም። ታይፎይድን የሚያመጣው ሳልሞኔላ ታይፊ ነው፤ የሚገባው በአፍ፣ በተበከለ ውሃና ምግብ ነው። ታይፈስን የሚያመጣው ሪኬትሲያ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው። ወረርሽኝ የሚያስነሣውን ዓይነት የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው። ይህን ሻርል ኒኮል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ቱኒስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1909 አሳየ፤ በ1928 ኖቤል ተሸለመበት። የአይጥ ቁንጫ የሚያስተላልፈው ቀለል ያለ ዓይነትም አለ። ቢሆንም ቅማል አይቶ የማያውቅ የካዛንቺስ ቢሮ ሠራተኛ በየጥቂት ወሩ «ታይፈስ ተገኘብኝ» ሲል፣ እኔ ከበሽታው በፊት የምጠረጥረው ምርመራውን ነው።

ምርመራዎቹን እንያቸው። ለታይፎይድ በብዛት የሚሠራው ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 የተጀመረ ነው። ለታይፈስ የሚሠራው ዌይል ፊሊክስ በ1916 የመጣ ነው። ሁለቱም ተሕዋሱን አይፈልጉም። የሚፈልጉት ሰውነታችሁ የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ ከዓመት በፊት ከያዛችሁ በሽታ፣ ከክትባት ወይም ከሌላ ተቀራራቢ ባክቴሪያ ሊቀር ይችላል። ዌይል ፊሊክስማ እንዲያውም ሪኬትሲያን አይጠቀምም። የሚጠቀመው ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው። ውጤት ወረቀቱ ላይ «ኦኤክስ 19» ተብሎ የሚጻፈው የእሱ ዓይነት ነው።

ቁጥሩ ደሙ ስንት እጥፍ ቀጥኖም ፀረ እንግዳ አካሉ እንደታየበት ይናገራል፤ አንድ ጊዜ ተሠርቶ «1 ለ 80» ወይም «1 ለ 160» የሚል ወረቀት ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም። በአግባቡ ከተሠራ ደም ሁለት ጊዜ፣ ከሳምንት በላይ ልዩነት ተወስዶ ቁጥሩ አራት እጥፍ ሲያድግ ነው ትርጉም የሚኖረው። ለሁለተኛው የሚመለስ ሰው ግን የት አለ! እስከዚያ ሴፍትሪያክሶኑ (በመርፌ የሚሰጠው ፀረ ባክቴሪያ) ተወግቶ አልቋል።

የተሻለው አማራጭ የደም ካልቸር ነው። ባክቴሪያውን ራሱን አሳድጎ ያሳያል፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም ይናገራል። ሁለት ድካም አለው። ውጤቱ ቀናት ይወስዳል። ደሙም ፀረ ባክቴሪያ ከመጀመራችሁ በፊት መወሰድ አለበት። ሲፕሮ ሁለት ቀን ውጣችሁ ከሄዳችሁ ባዶ ሊወጣ ይችላል። ትኩሳቱ ከቀን ቀን ከፍ እያለ ከሄደ፣ ሳልም ንፍጥም ሳይኖር ሳምንት ከተጠጋ፣ ካልቸር የሚሠራ ቦታ ላኩኝ ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ከሦስት ዊዳል አንድ ካልቸር ይሻላል።

ወባ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ ምርመራው ጥሩ ነው፤ ችግሩ ሰው አለመጠየቁ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች መሀል ከተማ ላይ ወባ አይያዝም። አዳማ ሠርግ ሄዶ የመጣ፣ አዋሽ የዋለ፣ ከመተማ ወይም ከጋምቤላ የተመለሰ ግን ይዞት ይመጣል። በተለይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር። ተሕዋሱ ትንኝዋ ከነከሰች በኋላ ሳምንት ሁለት ሳምንት ጸጥ ብሎ ይቆያል። ቫይቫክስ የሚባለው ዝርያ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይመለሳል። ስለዚህ «ባለፈው ወር የት ነበርክ?» የሚለው ጥያቄ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ ራሳችሁ ንገሩት።

ለወባ ሁለት አማራጭ አለ። ጣት ተወግቶ በደቂቃዎች ውስጥ መስመር የሚያወጣው ፈጣን ምርመራ ፈጣን ነው። ማይክሮስኮፕ ላይ የሚታየው የደም ስላይድ ባለሙያ ይፈልጋል። የቱ ዝርያ እንደሆነና ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። ለፋልሲፓረምና ለቫይቫክስ የሚሰጠው ሕክምና ስለሚለያይ ዝርያውን ማወቁ ዋጋ አለው። እዚህ ከተማ ውስጥ ካላችሁና ጎበዝ ባለሙያ ያለበት ላቦራቶሪ ካገኛችሁ እኔ ስላይዱን እመርጣለሁ። ሌላም ጥቅም አለው። ግርሻ የሚባለው፣ በቅማል የሚተላለፈውና ትኩሳቱ ጠፍቶ ጠፍቶ የሚመለሰው በሽታ ባክቴሪያው በዚያው ስላይድ ላይ ተጠማዝዞ ይታያል። አንድ ጠብታ ደም ሁለት ጥያቄ ይመልሳል። ግርሻ ሲታከም መጀመሪያ ላይ ሰውነት በኃይል ሊንቀጠቀጥ ስለሚችል ሕክምናው ጤና ተቋም ውስጥ መሆን አለበት፤ ኪኒን ገዝቶ ቤት የሚዋጥበት አይደለም።

ከድሬዳዋ ወይም ከአፋር የመጣ ትኩሳት ከሆነ ዴንጊም አለ። ቫይረስ ነው፣ ቀን በምትናከስ ትንኝ ይመጣል። እስኪጣራ ድረስ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ራቁ፤ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። ፓራሲታሞል ይበቃል። ወደዚያ አካባቢ የከተማ ወባ ትንኝም ገብታለች። አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ ትባላለች፤ በውሃ በርሜልና በታንከር ውስጥ ትራባለች። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። ወባ የገጠር በሽታ ነው የሚለው ሐሳብ ድሮ ቀርቷል።

ከከተማ ሳትወጡ ትኩሳት፣ ንፍጥ፣ ሳልና ቁርጥማት አብረው ከመጡስ? አብዛኛው ጊዜ የመተንፈሻ ቫይረስ ነው። ዝንጅብል ሻይ፣ ማር፣ ፈሳሽ፣ ፓራሲታሞልና እንቅልፍ ይበቃሉ። ማሩን ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን አትስጡ። ነጭ ሽንኩርቱንም ፌጦውንም አልቃወምም። ጉዳት የሚመጣው ትንፋሽ እያጠራችሁ ፌጦ ላይ ስትቆዩ ነው።

ሆድ፦ ሁሉም አሜባ አይደለም

ሆድ ሲታመም ከተማው የተስማማበት ስም አሜባ ነው። ተቅማጡን በመልኩ ብናነጻጽር ግን ይለያያል።

ክትፎ ወይም የግብዣ ምግብ በልታችሁ ከአንድ እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በኃይል ካስመለሳችሁ፣ ብዙ ጊዜ ባክቴሪያ ምግቡ ላይ አስቀድሞ የጣለው መርዝ ነው። ፀረ ባክቴሪያ አይረዳም። በቀን ውስጥ ይለቃል። ሕፃን ልጅ አስመልሶ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ከያዘው ሮታ ወይም ሌላ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ እዚህም ኦአርኤስና ዚንክ እንጂ ሲረፕ ፀረ ባክቴሪያ አይደለም። ድንገት የጀመረ ትኩሳትና ደም ያለበት ተቅማጥ ባክቴሪያ፣ በተለይ ሺጌላ ያስጠረጥራል። ቀስ ብሎ የመጣ፣ ንፍጥና ደም የቀላቀለ፣ የሚያስምጥ ከሆነ አሜባ ሊሆን ይችላል። ሆድን የሚነፋ፣ የሚያስገሳ፣ ሽታው የከፋና ሳምንታት የሚጎተት ደግሞ ጃርዲያን ይመስላል። የሩዝ ውሃ የመሰለ፣ መቆሚያ የሌለው ከሆነ ኮሌራ ነው ብላችሁ ተነሡ፤ ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው።

የሰገራ ምርመራ ርካሽ ነው፤ ጥሩ የሚሆነው ግን ናሙናው ትኩስ ሲሆን ነው። የአሜባ ሕያው ቅርጽ የሚለየው ሲንቀሳቀስ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይቆማል። ጠዋት ቤት ወስዳችሁ በታክሲ ከመርካቶ ፒያሳ ስታመጡት ነገሩ አልፎበታል። እዚያው ላቦራቶሪው ስጡ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይታይ። ሌላው ችግር በሽታ የማያመጣ ዘመድ አሜባ መኖሩ ነው። ማይክሮስኮፕ ሥር ቋቱ (ጠንካራ ሽፋን ለብሶ የሚወጣው ቅርጹ) ከጎጂው ቋት አይለይም። ውስጡ ቀይ የደም ሕዋስ የዋጠ አሜባ ከታየ ግን ጎጂው ነው። ምንም ሳያማችሁ «አሜባ አለብህ» ብትባሉ ይህን ጠይቁ።

ጨጓራም እዚሁ ይገባል። አብዛኛውን የጨጓራ ቁስለት በርበሬና ንዴት ብቻ ሳይሆን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ እንደሚያመጣው ያሳዩት ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል ተሸልመዋል። ሦስት ምርመራ አለ። የደም ፀረ እንግዳ አካል ምርመራው ርካሽና ፈጣን ነው፤ ከዳናችሁ በኋላም ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ይላል። «ታክሜ እንደገና ተገኘብኝ» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይነሣል። የሰገራ አንቲጅንና የትንፋሽ ምርመራዎች አሁን ያለውን ተሕዋስ ነው የሚያሳዩት። እኔ የሰገራ አንቲጅኑን እመክራለሁ። ኦሜፕራዞል ሁለት ሳምንት፣ ፀረ ባክቴሪያ አራት ሳምንት ካቋረጣችሁ በኋላ ይሠራ፤ አለዚያ እያለ የለም ሊል ይችላል።

ጉሮሮና ሳል

የጉሮሮ ሕመም ብዙው ቫይረስ ነው። ንፍጥ፣ ማስነጠስና ሳል አብረው ካሉ ወደዚያው ያዘነብላል። ሳል የሌለው፣ ትኩሳት ያለው፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር የሚታይበትና አንገት ሥር ያበጠ ልጅ ግን የያዘው ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ይህን ቸል ማለት አይቻልም። በአግባቡ ካልታከመ የልብ በር (ቫልቭ) ላይ ጉዳት የሚያደርስ የሩማቲክ በሽታ ያስከትላል፤ እዚህ አገር በወጣትነታቸው የልብ ሕመምተኛ የሆኑ ብዙዎች የመጡት በዚህ መንገድ ነው። ፔኒሲሊን እዚህ ጋ ቦታው ነው። እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ ግን ከማዳን ይልቅ ሌላ ተሕዋስ ያስገባሉ።

ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል የቲቢ ምርመራ ይገባዋል። አክታ ተሰጥቶ ጂን ኤክስፐርት በተባለው ማሽን ሲታይ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ባክቴሪያው መኖሩንና ለዋናው መድኃኒት መላመዱን ይነግራል። መድኃኒቱ መንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል። ሕክምናው ለተለመደው ዓይነት 6 ወር የሚፈጀው ባክቴሪያው እጅግ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች በ20 ደቂቃ ሲራቡ እሱ አንድ ጊዜ ለመራባት ቀን ሊሞላው ይደርሳል። እየተሻላችሁ ስትመጡ ማቆም ትልቁ አደጋ ነው።

ቆዳ

ቆዳ ላይ የሚሠራው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው፦ ቅባት ገዝቶ መሞከር። ጭርት ክብ ሆኖ ዳር ዳሩ ቀይና ቅርፊት ያለው ነው። የፈንገስ ቅባት ይፈልጋል። የልጅ ጭንቅላት ላይ ከሆነ ግን ቅባት ብቻ አይበቃውም፤ ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ስለሚገባ የሚዋጥ መድኃኒት በሐኪም ይታዘዛል። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት (ለፊት ማቅያ የሚሸጡትም ውስጥ አለ) ስትቀቡት ማሳከኩ ይቀንሳል፣ ክቡ ይደበዝዛል፣ ፈንገሱ ግን ውስጥ ውስጡን ይሰፋል። ቋቁቻ ቀላል ነው፤ ከታከመ በኋላ የቆዳው ቀለም እስኪመለስ ወራት ስለሚወስድ ብቻ ሰው «አልሠራም» ይላል።

በአንድ ወገን ብቻ፣ በመቀነት መልክ የሚወጣ የሚያቃጥል ውሃ ቋጠሮ አልማዝ ባለጭራ ነው። ልጅነታችሁ ላይ ጉድፍ ያመጣባችሁ ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ኖሮ ሲነሣ ነው። አሲክሎቪር አለው፤ በደንብ የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ዓይን አካባቢ ከወጣ አንድ ቀንም አትጠብቁ። ከንፈር ላይ የሚወጣው ምች የዚህ ቫይረስ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ዳማከሴ ተቀባም አልተቀባም በሳምንት ገደማ ይደርቃል።

ፊት ላይ ወር አልፎት የማይድን ቁስል ይዞ ከደጋ ገጠር የመጣ ዘመድ ካላችሁ ቁንጭር ሊሆን ይችላል። ፕሮቶዞዋ ነው። ፋርማሲ አትዙሩበት፤ ቆዳ ሐኪም ይየው። አለርት ሆስፒታል በቆዳ በሽታ የታወቀ ነው።

ውሃውና እጁ

ቤት ውስጥ ውሃ ማከም ላይም አራቱ ቤተሰቦች ይለያያሉ። እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን ባክቴሪያንና አብዛኛውን ቫይረስ ይገድላል፤ የጃርዲያ ቋት ይታገለዋል፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ፕሮቶዞዋ ደግሞ ጭራሽ አይበገርለትም። የሸክላ ማጣሪያ ተቃራኒው ነው። ፕሮቶዞዋና ባክቴሪያ ይይዛል፣ ቫይረስ ያሳልፋል። ማፍላት ሁሉንም ይገድላል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይበቃል፣ ግን መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። መብራት ካለ ማፍላት፣ ከሌለ ክሎሪን፣ አቅም ካለ ማጣሪያና ክሎሪን አብሮ።

ሳኒታይዘርም እንደዚሁ ነው። ኮቪድን ይገድላል። የሚያስመልሰውንና የሚያስቀምጠውን፣ ኖሮቫይረስ የሚባለውንና የጃርዲያን ቋት ግን እምብዛም አይነካም። ሽንት ቤት ገብታችሁ ስትወጡ ሳሙናና ውሃ ብቻ።

የት ልሂድ?

ቀላል ጉንፋንና የአንድ ቀን ተቅማጥ ከሆነ ፋርማሲ ይበቃል። ጥሩ ፋርማሲስት ምልክቱን ጠይቆ «ይሄ መድኃኒት አያስፈልገውም» ይላችኋል፤ ካላችሁ ደንበኛው ሁኑ። የወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ሰልፍ አለው። ግን ወባ፣ ቲቢ፣ ኤችአይቪና የልጆች ክትባት ላይ የትኛውም የግል ክሊኒክ አይበልጠውም፤ ዋጋውም አይወዳደርም። የግል ላቦራቶሪ ፈጣን ነው፤ ሐኪም ሳያያችሁ ራሳችሁ ምርመራ መርጣችሁ ከገባችሁ ግን የምታገኙት ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ነው። ካልቸር ሲያስፈልግ ወይም ሁለት ቦታ ታክማችሁ ካልተሻላችሁ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጠይቁ።

ሦስት ነገር ላይ ግን ማነጻጸር የለም። ትኩሳት ከአንገት መገተርና ከመደናገር ጋር ከመጣ ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ዓይኑ የጎደጎደ፣ ሽንት ያቆመ፣ መጠጣት ያቃተው ልጅም እንዲሁ። ሦስተኛው የውሻ ንክሻ ነው። የእብድ ውሻ ቫይረስ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ ከምልክቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ ውሻው የማን እንደሆነ የሰፈር ሰው እስኪያጣራ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱና ክትባት ጠይቁ።